ጅብ ነክሶ የመረመረው ባትሪ

አንድ ጊዜ አራዊት ሁሉ ስልክ ያዙ። ጉሬዛ ሳይቀር ከዛፍ ጫፍ ላይ «ሃሎ! ኔትወርክ የለም እኮ!» እያለ አገሩን ያደነቁር ነበር። ስልኮቹ ሲያረጁ የሞተው ባትሪ ቀበሮ ጓሮ ተቆለለ። ቁልሉ ከመርዘሙ የተነሳ ንስር ተራራ መስሎት ጎጆ ሊሠራበት መጣ።

አንበሳ ተጨነቀ። «ሣሩ ደርቋል፤ አንዱ ቢቀጣጠል ጫካዬ ዐመድ ነው። ወንዝ ማዶ የሚሰበስቡት አሉ፤ ወስዳችሁ አስረክቡ» አለ። የጭነቱን አለቅነት ለጅብ ሰጠው። ለምን? ከሁሉ አብልጦ የጮኸ እሱ ነዋ! ዕውቀቱንማ ተዉት፤ የገዛ ጥላውን «ለምን ሰላም አትለኝም?» ብሎ ሦስት ቀን ያኮረፈ ጀግና ነው።

ሸክሙ የአህያ ነው። አህያ የመጀመሪያ ውርንጭላዋን በሆዷ ይዛ ወሯ ገብቷል። ከተማ ስልክ ጠጋኝ ደጃፍ ዕቃ ስታራግፍ ያየችው ነገር አለና፣ ባትሪው የታጨቀበትን ጆንያ ስታይ ጆሮዎቿ ቀጥ አሉ።

«አያ ጅቦ፣ እንዲህ ተዘርግፎ አይጫንም። የብረት ጫፋቸው እንዳይነካካ እያንዳንዱ በፕላስተር ይሸፈን። ጆንያው ውስጥ የተቀላቀለው ሚስማርም ከመሃላቸው ይውጣ። ያበጡት ግን እኔ ጀርባ ላይ አይወጡም፤ ደረቅ አሸዋ ውስጥ ለብቻቸው ይቀመጡና ሰብሳቢዎቹ መጥተው ይውሰዷቸው።»

«ወይ ጉድ! ለባትሪ ልብስ ይሰፋለት በይኛ!» ጅብ እስኪያስነጥሰው ሳቀ።

ቀበሮ ያበጡት ከጓሮዋ እንዲጠፉላት ቸኩላለች። ጠጋ ብላ «አያ ጅቦ፣ አበጡ ትላለች እንዴ? ሰቡ እንጂ!» አለችው።

ጅብ ይህን ሲሰማ ለሃጩ ተዝረበረበ።

«ልጄን ይዤ እሳት አልሸከምም» አለች አህያ። «ከሰቡልህ አንተው አንግታቸው!» ይህን ብላ መሬት ላይ ዘጭ አለች። አህያ ከተኛች ደግሞ ማን ያስነሳታል? ቀበሮ እየተራገመች ደህናዎቹን አንድ በአንድ ስትሸፍን ዋለች። ያበጡትን ጅብ በከረጢት አንገቱ ላይ አንጠለጠለ፤ ቀድሞውንም የሰባ ነገር ለሌላ ማሸከም ይቆጨው ነበር።

አህያ ደህናዎቹን ጭና፣ ቀበሮም ተከትላ ወንዙ አጠገብ ሲደርሱ ጅብ ቆመ፤ ከከረጢቱም አንድ ያበጠ ባትሪ አወጣ። የጅብ ዘር ጭነት የሚመረምረው በጥርሱ ነው። አባቱም አያቱም ነክሰው እንጂ አያስረክቡም፤ አንዴ ድንጋይ ጭነው የረገፈ ጥርሳቸውን ሲለቅሙ ከረሙ።

«አያ ጅቦ፣ ኧረ በአምላክ አትንከሰው!» አለች አህያ።

«ዝም በይ! አለቃ ሳይመረምር አያስረክብም!»

ገመጠው። ጧ! ከአፉ እሳት ተተኮሰ፤ የጎረቤት አገር ቁራዎች እስኪያስላቸው ጨሰ። ቀበሮ ገና ጧ ሲል ሦስት ኮረብታ አልፋለች።

«ትፋው! ሣሩን ልታቃጥለው ነው!» ጮኸች አህያ።

«የሰባ... ይተፋል እንዴ?» አለ ጅብ ጥርሱን እንደነከሰ።

አህያ ሆዷን አሰበች፤ ዙሪያዋን የከበባትን ደረቅ ሣር አየች። ዞር አለችና በኋላ እግሯ ነረተችው። ጅብ ከነከረጢቱ ተወርውሮ ወንዝ ዳር ጠጠር ላይ አረፈ። ከረጢቱ ሲቀጣጠል ማንገቻው ተበጠሰ፤ እሱም ውሃ ውስጥ ዘለለ። እሷ ጭሱን ሽሽት ነፋሱ ወደሚመጣበት ዞራ ሄደች፤ ወንዙንም ተሻግራ ደህናዎቹን አስረከበች። ማታውኑ ወለደች።

በማግስቱ ጅብ ከንፈሩ አርሮ፣ ጢሙ ተለብልቦ አንበሳ ፊት ቀረበ።

«ምን ሆነህ ነው?» አለ አንበሳ።

ጅብ ደረቱን ነፋ። «ሥራዬን ጨርሻለሁ ጌታዬ! እሳት መሆናቸውን በገዛ አፌ አረጋግጫለሁ!»

ከዚህ የምንማረው ያረጀ ባትሪ ጫፉ ተሸፍኖ፣ ያበጠውም ለብቻው ተለይቶ ለሚያውቁት መሰጠት እንዳለበትና፣ ጭነት የሚያውቀውን ንቆ ለጯሂ አለቅነት የሚሰጥ ጫካ በአንድ ደንቆሮ ጥርስ ሊነድድ እንደሚችል ነው።