ከወናፉ ፊት ያለችው በርጩማ

አንድ አንጥረኛ ነበረ።

እትዬ አመለወርቅ ምሳሌ ሲጀምሩ እንዲህ ነው፤ ዙሪያ ጥምጥም አይወዱም። ያን ቀን ያስጀመረቻቸው የጎረቤታቸው ልጅ ትርሲት ናት። ትርሲት በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የብር ጌጥ በእጇ ትሠራለች፤ ስም የተቀረጸበት አምባር፣ ክርስትና ለሚነሣ ሕፃን መስቀል፣ ለሙሽራ ቀለበት። ትእዛዝ ስትቀበል ዝም ብላ አትሠራም። ደውላ ለማን እንደሆነ፣ ሰውዬው ምን እንደሚወድ፣ ጌጡ ለምን እንደታሰበ ትጠይቃለች። ስሟ እየታወቀ ሲመጣ ግን ትእዛዙ ከእጇ በላይ ሆነባት። አንዲት ወዳጇም መከረቻት፤ «በማሽን የተሠራ አምባር በጅምላ ግዢና ስም ብቻ ቅረጪበት። በእጅ የተሠራ ነው ብለሽ ስጪ። ጥያቄውንም ተዪው፤ ጊዜሽን የሚበላው እሱ ነው። ማን ይለየዋል?» አለቻት። ምክሩ ሳባትም፣ ቆረቆራትም። ሁለት ልብ ሆና ወደ እትዬ አመለወርቅ መጣችና፣ «ሰው ካልለየው ምን ክፋት አለው?» ብላ ጠየቀች። እሳቸውም ነጠላቸውን አስተካክለው ወሬውን ቀጠሉ።

ይህ አንጥረኛ የሚኖረው በአንድ የገበያ ከተማ ነው። እጁ የተባረከ ነበር፤ እኔ ይህን ስናገር አላጋንንም፣ እሱም ራሱ ሲናገረው አያፍርም ነበር። የሠራው ሐብል አንገት አይቧጥጥም፣ የሠራው ቀለበት ጣት አይበላም። ያኔ ብሩን ይዞ የሚመጣው ባለጉዳዩ ነው። አንዱ ጠገራ ብር ያመጣል፣ ሌላዋ የተሰበረ አምባር። አንጥረኛው ያንኑ አቅልጦ የተባለውን ይሠራል።

በሥራው ላይ አንድ ደንብ ነበረው። ከወናፉ ፊት ለፊት አንዲት ዝቅ ያለች በርጩማ አስቀምጧል። ብር ይዞ የመጣ ሰው እዚያች በርጩማ ላይ ይቀመጥና ብሩ ቀልጦ ቅርጹ ውስጥ እስኪፈስ ድረስ አይነሣም። ደንቡን ያወጣው አባቱ ነው፤ ብሬን ለወጠብኝ የሚል እንዳይኖር፣ ባለቤቱ በዓይኑ ይይ ብሎ። በልጁ ጊዜ ግን በርጩማዋ ሌላ ጥቅምም አገኘች። ሰው እሳት ፊት ሲቀመጥ አፉ ይፈታል። «ይህች አምባር እኮ የአክስቴ ናት፤ እሷ ናት ያሳደገችኝ» ይላል። ወይም፣ «ባለቤቴ ፈረስ ሸጦ ነው የገዛልኝ» ትላለች። አንጥረኛው ወናፉን እየነፋ ይሰማል፤ የሰማውም ነገር ወደ እጁ ይገባል። ሐዘን ለሰነበተባት ሴት ጌጡን ዝምተኛ አድርጎ ይሠራላታል። ፈረስ ለተሸጠላት ደግሞ በአምባሯ ዳር አንዲት የኮቴ ምልክት ጣል ያደርግላታል። ሰዉ ይህን ሲያይ ልቡ ይጠፋል። አንጥረኛው ስሙ ወጥቶ አጎራባች አገር ድረስ የተሰማው በዚህ ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ባለጸጋ መጣ። ትልልቅ ልጆቹን በአንድ ሰሞን ሊድር ነበርና በቆዳ ከረጢት ሙሉ ብር አስይዞ ገባ። አንጥረኛው በርጩማዋን ሲያሳየው ባለጸጋው ቁልቁል አያት። «እኔ ነኝ እዚህ ላይ የምቀመጠው?» አለ። ሰውዬው ቦርጫም ነበር፤ ከተቀመጠ በኋላ መነሣቱ ሳያሳስበው አልቀረም። ብሩን አስመዝኖ አስረከበና ሄደ።

አንጥረኛው የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ሠራ። የሚያወራ የለ፣ የሚያስጠብቅ የለ። ከረጢቱን ሙሉ በአንድ ማቅለጫ አቀለጠና ለቀናት የሚበቃውን ሥራ ፀሐይ ሳትበረታ ጨረሰ። «እስከ ዛሬ ምን ሆኜ ነው ጊዜዬን በወሬ የጨረስኩት?» አለ በልቡ። ከዚያ ወዲህ ለመጣው ሁሉ፣ «ብርህን ትተህ ሂድ፤ በገበያ ቀን መጥተህ ውሰድ» ይል ጀመር። የሁሉንም ብር መዝኖ ይቀበላል፣ አንድ ላይ ያቀልጣል፣ በሚዛኑ ልክ ሠርቶ ይመልሳል። ልብ በይ ልጄ፣ ሰውዬው ሌባ አይደለም። ቅንጣት ብር አላጎደለም። በርጩማዋ ላይም የከሰል ጆንያ አስቀመጠባት።

ከድሮ አሠራሩ ያልተወው አንድ ነገር ነው። አሮጌ ጌጥ ሲመጣለት መጀመሪያ የተበየደውን ጫፍ ቆርጦ ያወጣዋል፤ ብየዳ ከንጹሕ ብር ጋር ከቀለጠ ብሩን ያሻክረዋል፣ ሲቀጠቀጥም ይሰነጥቀዋል። ቁርጥራጩን አንድ ጣሳ ውስጥ ይጥለዋል። ጣሳው ሞልቶ ነበር።

አንድ ቀን አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ መጣች። ከጉያዋ በጨርቅ የተቋጠረ የእግር አልቦ አወጣች። ጥንዱ በክፉ ቀን ተሽጦ ብቻውን የቀረ ነው። «የእናቴ ነው» አለች። «ሴት ልጅ ከወለድሽ ለእሷ አንገት መስቀል አሠሪላት ብላኝ ነበር። እሷ አለፈች፤ ልጅቷ መጣች። ከእናቴ እጅ የቀረኝ ይኸው ብቻ ነው።» ከዚያም ዙሪያዋን ቃኘት አደረገችና፣ «የት ልቀመጥ?» ብላ ጠየቀች። ስለ በርጩማዋ ሰምታ ነው የመጣችው።

«መቀመጥ ቀርቷል እመቤት። ትተሽው ሂጂ።»

«እንዲያው ሲቀልጥ ላየው ፈልጌ ነበር።»

እዚህ ላይ አንጥረኛው የማይገባ ነገር ተናገረ። «የእኔን እጅ ሳታምኚ ነው እንዴ የመጣሽው?» አላት። ሴትየዋ አፈረች። ይቅርታ ጠይቃ አልቦውን ሰጥታው ወጣች። እሱም የአልቦውን መቆለፊያ ቆርጦ ጣሳው ውስጥ ጣለና የቀረውን ከሌላው ሰው ብር ጋር ቀላቀለው።

በገበያው ቀን ሴትየዋ ተመለሰች። መስቀሉ ያማረ ነበር፤ ያ እጅ መቼም አይሰንፍም። ሴትየዋ ተቀብላ በሁለት እጇ ያዘችው፤ ሳመችው፤ ከዚያም ልጅቷን ከጀርባዋ አውርዳ አንገቷ ላይ አሰረችላት። «ይኸው አያትሽ መጣችልሽ» አለቻት። ሕፃኗም ጥርስ ገና ባላበቀለ አፏ መስቀሉን ይዛ ትጠባው ጀመር። እናትየዋ እንባዋ ወረደ። አንጥረኛውን፣ «እጅህ ይባረክ፣ እንዲህ ያለ ሰው አይጥፋ» ብላ መርቃው ወጣች።

አንጥረኛው መዶሻውን አነሣ። መስፉ ላይ ያለውን ብር አንዴ መታው፣ ደገመው፣ ከዚያ መዶሻውን አስቀመጠው። እርግማን ቢሆን ይችለው ነበር፤ ምርቃቱን ግን አልቻለውም። ማን ያውቃል ብሎ ራሱን ሊያጽናና ሞከረ። እርግጥ ነው፣ ማንም አያውቅም። እሱ ግን ያውቃል፤ እሷም የመረቀችው እሱን ነው። ከሰሉ እንደጋመ፣ የሚጠብቀው ሰው ተደርድሮ እያየው፣ ሽርጡን ሳይፈታ ተነሥቶ ሮጠ። ያ ሰው ሲሮጥ አይቶት የሚያውቅ ስለሌለ ገበያው እሳት የተነሣ መስሎት ቆሞ አየው።

ከከተማው መውጫ ላይ ደረሰባት። ትንፋሹ እየተቆራረጠ ነገራት፤ አልቦው ከብዙ ሰው ብር ጋር መቅለጡን፣ መስቀሉ ከማን ብር እንደተሠራ እሱም እንደማያውቅ፣ አንዱንም ሳያስቀር ነገራት።

«እንግዲያው ለይተህ የእናቴን አምጣልኝ» አለች ሴትየዋ።

«ከቀለጠ በኋላ አይለይም።»

«ታዲያ ምን ልትለኝ ተከተልከኝ? ዝም ብትል አላውቅም ነበር።»

«አታውቂም ነበር» አለ አንጥረኛው። «እኔ ግን ልጅቷን ባየኋት ቁጥር አውቀዋለሁ።»

ሴትየዋ መስቀሉን ከልጅቷ አንገት ፈታችና እጁ ላይ ወረወረችለት። «እኔ እኮ ላየው ፈልጌ ነበር!» አለች። «አፍሬ ነው የሄድኩት። ያሳፈርከኝ አንተ ነህ።» ያን ጊዜ አንጥረኛው ጣሳው ትዝ አለውና፣ «ነይ፣ ተከተይኝ» አላት።

ሱቁ ሲደርሱ ጣሳውን አንሥቶ መሬት ላይ ዘረገፈው፤ ተንበርክኮም ቁርጥራጩን አንድ በአንድ ማየት ጀመረ። ያ ባለጸጋ ሌላ ያዘዘውን ጌጥ ሊወስድ መጥቶ ኖሮ ነገሩን ሲሰማ ሳቀ። «ብር ያው ብር ነው! ሚዛኑ ካልጎደለባት ምን ያስለቅሳታል?» አለ።

«እኔ ስለ ሚዛን ተናገርኩ?» አለች ሴትየዋ ዞር ብላ።

አንጥረኛው የአልቦውን መቆለፊያ አገኛት። ትንሽ ናት፤ አንድ ጎኗ ተጨርምታለች። ሲቆርጣት የጥርስ ምልክቱን አይቶ፣ ምን ይሆን ብሎ ሳይጠይቅ ነበር የጣላት። ሴትየዋ ገና ስታያት ጮኸች። «እናቴ ናት! አልቦው ሲላላ አውልቃ መቆለፊያውን በጥርሷ እየነከሰች ነበር የምታጠብቀው» አለች። አንጥረኛው ያኔ በርጩማዋ ላይ አስቀምጧት ቢሆን ኖሮ ይህን ወሬ ይሰማው ነበር።

የከሰሉን ጆንያ አንሥቶ ወረወረው፤ በርጩማዋን በሽርጡ ጠርጎ ከወናፉ ፊት አስቀመጣት። «ተቀመጪ» አላት። ሴትየዋ ልጅቷን ታቅፋ ተቀመጠች። አንጥረኛው የመቆለፊያዋን ስባሪ ብቻውን አቀለጠው። ብየዳ ስላለበት ቀጥቅጦ ሊያሳሳው አልቻለም፤ ወፍራም የሆነች ትንሽ ቀለበት ብቻ ወጣችለት። የመስቀሉን ማንጠልጠያ ፈትቶ ጣለና በምትኩ ያቺን ገጠማት። «አካሉ የማን የማን እንደሆነ አላውቅም» አላት። «የሚይዘው ግን የእናትሽ ነው። ሲቀልጥ አይተሽዋል።»

«ይበቃል ብዬ አልዋሽህም» አለች ሴትየዋ። መስቀሉን ግን መልሳ አሰረችላት፤ ስትወጣም ጣቷን ማንጠልጠያዋ ላይ አድርጋ ነበር።

አንጥረኛው የዚያኑ ዕለት ለተሰበሰበው ሰው ያደረገውን ሁሉ ተናገረ። አንዳንዱ ተቆጥቶ ብሩን ወስዶ ሄደ። የሄደው ግን ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ፤ ወሬው በየቤቱ ገብቶ ነበርና፣ ማንም ሳይደርስበት ሮጦ ራሱን የሚያጋልጥ አንጥረኛ ሌላ ከየት ይገኛል? ደግሞ በርጩማዋን መለሰና ደሃ ሆኖ ቀረ እንዳይመስልሽ። ሰንሰለቱን፣ መንጠቆውን፣ የማንም ያልሆነውን ሁሉ አስቀድሞ በብዛት ሠርቶ ያስቀምጥ ጀመር፤ ለዚያም ሰው ቀጠረ። የሰው አደራ እሳት ውስጥ የሚገባ ከሆነ ግን ባለቤቱ ይቀመጣል። ባለጸጋውም የመጨረሻ ልጁን ሲድር መጥቶ፣ እያጉረመረመ ተቀመጠ። ብሩ ሲቀልጥ ሲያይ ስለ ሟች ሚስቱ ማውራት ጀመረ አሉ፤ ሲመሽም በሁለት ሰው ድጋፍ ነው ያስነሡት።

እትዬ አመለወርቅ እዚህ ላይ ወሬውን አቁመው ወደ ትርሲት ዞሩ።

«እንግዲህ አንቺ ሰው አይለየውም አልሽኝ። እውነትሽን ነው፣ አይለየውም። ያቺም ሴት አልለየችም፤ መርቃ ነበር የሄደችው። መለየት የሚችለውንማ ሰው ራሱ አገላብጦ አይቶ ይገዛል፤ ለዚያ አንቺን ምን ይፈልግሻል? ወደ አንቺ የሚመጣው መለየት ለማይችለው ነገር ነው። ያቺ አንጥረኛ ሴት አስባልኛለች ብሎ አምኖ ነው አንገቱ ላይ የሚያስረው። የምትደውዪው ስልክ፣ ያ ለማን ነው የምትዪው ጥያቄ፣ እሱ በርጩማሽ ነው። ሥራው ከበዛብሽ ሰንሰለቱን ግዢ፣ ሣጥኑን ግዢ፣ ሰው ቅጠሪ። የማሽኑንም መሸጥ ከፈለግሽ የማሽን ነው ብለሽ ሽጪ፤ ማንም አይወቅስሽም። በርጩማዋ ላይ ግን ከሰል እንዳታስቀምጪባት። አንቺ ትችያለሽ ልጄ። እጅሽን አውቀዋለሁ፤ ማደግሽም አይቀርም።»

ትርሲት ለወዳጇ ምን ብላ እንደምትመልስላት አሁን ገብቷት ነበር። ልትነሣ ስትል እትዬ አመለወርቅ እጇን ያዝ አደረጓት።

«የት ነው የምትሄጂው? እኔም እኮ አምባር ላዝዝሽ ነው።»

ትርሲት ሳቀች፤ መልሳ ተቀመጠችና፣ «ለማን ነው የሚሆነው እትዬ?» አለች።

አሮጊቷ በርጩማቸውን ወደ እሷ አስጠጉ። «እሱ ረጅም ወሬ ነው» አሉ።