ያው አይደለም

አንዲት ሴት ነበረች። የሰው ነገር የማትነካ፣ ሳቂታ፣ ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ እንኳ እያንጎራጎረች የምትሄድ ሴት። ይታይሽ ትባላለች። ባሏ ስመኘው ገበሬ ነው፤ ሦስት ልጆች ወልደዋል። ሦስተኛውን ስትወልድ ግን ደሙ አልቆም ብሏት፣ የመንደሩ ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ ከተማ ያደረሳት ሞታለች ብሎ ነበር። እግዚአብሔር መለሳት።

ከዚያ በኋላ ባልና ሚስት ተመካከሩ። «እንግዲህ ለእነዚህ ልጆች እናት ታስፈልጋቸዋለች» አለ ስመኘው። እሷም ጤና ጣቢያ ሄዳ የወሊድ መከላከያ መርፌ ጀመረች። ጊዜው ሲደርስ ትወጋለች፤ ልጆቿን ታሳድጋለች፤ እሁድ እሁድ ታስቀድሳለች። ሰላም ነበረች።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ይህችን ሴት ከሰላሟ ያወጣት ምን ይመስላችኋል? ጠላት ነው? በሽታ ነው? አይደለም። አንዲት አጭር ቃል ናት። ቃሏን የተናገሩትም ክፉ ሰው አይደሉም። የሚወዷት የንስሐ አባቷ ናቸው።

ቄስ ጥዑመ ልሳን ይባላሉ። ትርጉሙን ታውቃላችሁ፤ አንደበተ ጣፋጭ ማለት ነው። ወላጆቻቸው ስም ሲያወጡላቸው አንደበታቸው ይጣፍጥ ብለው ለመኑ እንጂ ዝግ ይበል ማለቱን የረሱት ይመስለኛል። ቸር ሰው ናቸው፤ ሰው ታመመ ሲባል ከሁሉ ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። ምላሳቸው ግን ከእግራቸውም ትፈጥናለች።

የሚካኤል ማኅበር ቀን ነው። ቤቱ በሰው ሞልቷል፤ ይበላል፣ ይጠጣል። ይታይሽ ጓዳ ሆና ጠላ ትቀዳለች። አንድ ጎረቤት ድንገት፣ «አባ፣ ይሄ ሴቶቹ የሚወጉት መርፌ ነገር እንዴት ነው? ኃጢአት ነው ወይስ አይደለም?» ብሎ ጠየቀ። ቄስ ጥዑመ ልሳን ዳቦ እየቆረሱ ነበር። ቀና እንኳ አላሉም።

«መርፌውም፣ ማስወረዱም፣ ያው ነው!» አሉ። ዳቦውን አደሉ። ወሬው ወደ ዝናብና ወደ ማዳበሪያ ዞረ።

ያው ነው። በቃ፤ ቃሏ ይህችው ናት።

ጓዳ ውስጥ ማንቆርቆሪያው በይታይሽ እጅ ላይ ቀረ። ያው ነው? ታዲያ እኔ እስከ ዛሬ ስንት ነፍስ አጠፋሁ? በየመርፌው አንድ ልጅ ገድያለሁ ማለት ነው? ማንን ትጠይቅ? የምትጠይቃቸው አባት እኮ ተናግረው ጨርሰዋል!

ከዚያች ቀን ጀምሮ ማንጎራጎሯን ተወች። መርፌውንም ተወች፤ ባሏ ሲጠይቃት «ሰውነቴ አልተስማማውም» አለችው። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ትመጣለች፤ ከቅጥሩ በር ግን አታልፍም። ነጠላዋን ተከናንባ ከበሩ ውጭ ትቆማለች።

ቄስ ጥዑመ ልሳን አዩዋት። «ምነው ልጄ፣ ምነው ከበር ቀረሽ?» አሏት።

«እግሬን አሞኝ ነው፣ አባ።»

«እግዚአብሔር ይማርሽ» ብለው አለፉ። ወገኖቼ፣ እግሩን ያመመው ሰው ቅዳሴው እስኪያልቅ ቆሞ ያስቀድሳል እንዴ? ግን ማን አስተዋለ? እኛስ ብንሆን እናስተውል ነበር?

ወራት አለፉ። መርፌው ቀርቷል፤ እንግዲህ የሚሆነው ሆነ። ይታይሽ አረገዘች። ባወቀች ጊዜ ያ ደም፣ ያ ቃሬዛ፣ ሁለተኛው ልጇ «እማዬ የት ትሄጃለሽ?» እያለ ከኋላ ሲሮጥ፣ ሁሉም ተመልሶ መጣባት። ለስመኘው አልነገረችውም። ለማንም አልነገረችም። ብቻዋን አውጥታ አውርዳ አንድ ነገር ቆረጠች።

ምን ቆረጠች መሰላችሁ? ላስወርደው አለች። «መርፌውና ማስወረዱ ያው ከሆነ እኔ ድሮ ጠፍቻለሁ። ያን ሁሉ ያጠፋሁ ሴት አንድ ብጨምር ምን ይለወጣል? ነፍሴስ አንዴ ሄዳለች፤ ሥጋዬ እንኳ ለልጆቼ ትቆይላቸው።»

አያችሁ የቃሏን ሥራ? አባ ያንን የተናገሩት ሴቶቹን ከመርፌው ላርቅ ብለው ነው። ይታይሽ ግን ቃሏን በወዲያኛው ጫፏ ያዘቻት። መርፌው እንደ ማስወረድ ከሆነ ማስወረዱም እንደ መርፌው ነዋ! ትንሹን ነገር ትልቅ እናድርግ ስንል ትልቁ ነገር ትንሽ ሆኖ አረፈው።

በገበያ ቀን ልጆቿን ለጎረቤት ሰጥታ ተነሣች። ገበያ ልሄድ ነው አለች። መንገዱ በቄስ ጥዑመ ልሳን ደጅ ያልፋል። እሳቸው አጥራቸውን በእሾህ እያጠሩ ነበር።

«እንደምን አደርሽ፣ ይታይሽ! ገበያ ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አዎ፣ አባ።» ልታልፍ አለችና እግሯ እምቢ አላት። ከአጥሩ ወዲህ ቆመች። «ልጆቼን በጸሎትዎ ያስቡልኝ።»

«ልጆችሽ ምን ሆኑ?»

«ምንም አልሆኑም።»

«አንቺስ?»

ይህችን ጥያቄ ስንት ወር ሙሉ የጠየቃት ሰው አልነበረም። እንባዋ መጣ። «ነፍሰ ጡር ነኝ፣ አባ።»

«እሰይ! እልል በይ እንጂ ታዲያ!» ብለው ፊቷን ሲያዩት ድምፃቸው ተቋረጠ።

«ላስወርደው ነው የምሄደው። አይቆጡኝ። እርስዎ እራስዎ ያው ነው ብለዋል። ያን ሁሉ ጊዜ ተወግቻለሁ፣ ያን ሁሉ ነፍስ አጥፍቻለሁ። አሁን አንድ ቢጨመርብኝ ለእኔ ያው ነው።»

«መቼ ነው እንዲህ ያልሁት?»

«በሚካኤል ማኅበር። ዳቦ ሲቆርሱ።»

አላስታወሱትም። ቆመው አሰቡ፣ አሰቡ፣ አልመጣላቸውም። እሷ በየሌሊቱ ስትሰማው የከረመችውን ቃል እሳቸው እዚያው ማዕዱ ላይ ረስተውት ተነሥተዋል። እሾሁ መዳፋቸው ውስጥ ገብቶ ሲደማ እንኳ ልብ አላሉትም።

ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣ ነበር፣ ወይም ይሸሽ ነበር። ቄስ ጥዑመ ልሳን በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይናገሩ ብዙ ቆዩ። ከዚያ እንዲህ ብለው ጠየቋት።

«እስቲ ንገሪኝ፤ ያ የላይኛው ማሳችሁ ዘንድሮ ምን ተዘራበት?»

ይታይሽ ግራ ገባት። ነፍሴ ጭንቅ ላይ ናት፣ እሳቸው ስለ ማሳ ያወራሉ። «ምንም አልተዘራበትም። መሬቱ ደክሞ ነበር፤ ስመኘው ጦሙን አሳደረው።»

«ጦሙን አሳደረው? እንግዲያ ስመኘው ያን ሁሉ ጤፍ አጠፋው በይኛ።»

«የቱን ጤፍ?»

«ሊበቅል ይችል የነበረውን ነዋ!»

«ኧረ አባ! ያልተዘራ ጤፍ እንዴት ይጠፋል? መሬቱ ይረፍ ብሎ እኮ ነው!» እንባዋ ሳይደርቅ ፈገግ ማለት ዳዳት።

«የታችኛው ማሳስ?»

«እሱማ በቅሏል። አምሮበታል።»

«ስመኘው ነገ ማለዳ በሬዎቹን ጠምዶ ያንን ቡቃያ ቢገለብጠውስ? ያው ነው?»

የይታይሽ እጅ ሳታዝዘው ሆዷ ላይ አረፈ።

«ያው አይደለም» አለች፣ ቀስ ብላ።

«ያው አይደለም፣ ልጄ። ስለ መርፌው አባቶች ብዙ ይነጋገራሉ። በጾምና በመታቀብ ብቻ ይሁን የሚል አለ፤ ባልና ሚስት በምክር ያድርጉት የሚልም አለ። እኔም ገና የምጠይቀው አለኝ። አንቺ ግን ነፍስ አላጠፋሽም። ያን ቀን ሳላስብ ተናግሬ በላይሽ ላይ የጫንሁብሽን እኔው አውርጄዋለሁ። ይቅር በይኝ።»

«ነፍስ አላጠፋሁም?»

«አላጠፋሽም።»

«እውነትዎን ነው?»

«እውነቴን ነው።»

አጥሩ ሥር ቁጭ ብላ አለቀሰች። እንዲያ ያለ ለቅሶ ታውቃላችሁ? ሸክም ሲወርድ የሚመጣው ነው። አለቀሰች፣ አለቀሰች፣ ከዚያ ቀና ብላ፣ «ይሄንንስ ላጠፋው አልፈልግም። ግን አባ፣ ብሞትስ?» አለች።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ብዙዎቻችን «ያው አይደለም» ካልን በኋላ ሥራችን ያለቀ ይመስለናል። ቡቃያውን አትንቀይ ብለን መክረን፣ እሷን ከነፍርሃቷ መንገድ ላይ ትተናት ወደ ቤታችን እንገባለን። ቄስ ጥዑመ ልሳን እንዲያ አላደረጉም።

«እሱን እኔ አላውቀውም» አሏት። «የሚያውቅ ሐኪም አለ፤ አብረን ሄደን እንጠይቃለን። የሚሉንን ሰምተን እንደገና እንመካከራለን። ብቻሽን ግን አትሄጂም።» ባለቤታቸውን ጠሩ፤ እሷም ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። በማሳው በኩል አልፈው ለስመኘው ነገሩት። ስመኘው ሞፈሩን ጥሎ ሚስቱን አየና፣ «ይሄን ሁሉ ብቻሽን?» ብቻ አለ። አራት ሆነው ከተማ ወረዱ።

ሐኪሟ መረመረቻት። «ያን ጊዜ ቤት ወልደሽ ዘግይተሽ ነው የመጣሽው» አለቻት። «አሁን ከመጀመሪያው እንከታተልሻለን። መውለጃሽ ሲቃረብ እዚሁ የእናቶች ማቆያ ትገቢያለሽ፤ ደምም ይዘጋጅልሻል። አደጋ የለውም ብዬ አልዋሽሽም። ግን ያን ጊዜ ያልነበረሽ ሁሉ አሁን አለሽ።»

ቀኑ ሲቀርብ ደም የሚሰጥ ሰው ተፈለገ። ከሁሉ በፊት እጅጌያቸውን የሰበሰቡት ማን ይመስላችኋል? እሳቸው ናቸው! ግን እኚህ ጋኔን በመስቀል የሚያባርሩ አባት፣ ነርሷ መርፌ ይዛ ስትመጣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ግንባራቸው በላብ ራሰ።

«አባ፣ መርፌ ይፈራሉ እንዴ?» አለች ነርሷ እየሳቀች።

«እኔና መርፌ ድሮም አንስማማም» አሉ። ስመኘው ከጎን ተቀምጦ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ይታይሽ ወለደች፤ ሴት ልጅ። ደሙ እንደ ፈሩት መጣ። የተዘጋጀው ደም ግን እዚያው ነበረ፤ ሰጧት፤ ቆመላት። ልጂቱ ክርስትና በተነሣች ቀን ይታይሽ ሕፃኗን ታቅፋ የቅጥሩን በር አልፋ ገባች። ቄስ ጥዑመ ልሳን በሩ ላይ ይጠብቋት ነበር።

«እግርሽን ተሻለሽ?» አሏት።

«ተሻለኝ፣ አባ።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ከእንግዲህ መርፌውንስ እንዴት ላድርግ?» አለች።

የድሮው ቄስ ጥዑመ ልሳን ቢሆኑ ወዲያው ይመልሱ ነበር። አሁን ግን ዝም ብለው ሕፃኗን አዩ። «ስመኘውን ይዘሽ ነይ፤ ሐኪሟ ያለችሽንም ትነግሪኛለሽ። ቁጭ ብለን ተነጋግረን እንወስናለን» አሉ። «እስከዚያው ማሳው ጦሙን ይደር።» ይታይሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች።

ወገኖቼ፣ እናንተስ? «ያው ነው» ብላችሁ አታውቁም? አማት ሆናችሁ ለምራታችሁ፣ ባል ሆናችሁ ለሚስታችሁ፣ እኛም ካህናቱ አውደ ምሕረት ላይ ቆመን? የተፀነሰውን ማጥፋት ከባድ ነገር ነው፤ አላቃልለውም። ከባድ ስለሆነም ነው ከሌላው ጋር በአንድ ከረጢት እንዳትጨምሩት የምለምናችሁ። ሁሉን እኩል ኃጢአት ያላችኋት ሴት ምን ትላችኋለች? «እንግዲያ ሁሉንም ላድርገው» ትላለች።

ከእናንተ መካከል ያንን ያደረገች እናት፣ ያንን ያደረገች እህት ካለች ደግሞ ስሚኝ። በአንቺ ላይ ድንጋይ ላነሣ አይደለም የቆምሁት። እግዚአብሔር ካንቺ ጋር አልጨረሰም። ነይ፤ ከአንድ አባት ጋር ተቀምጠሽ አልቅሺ፤ በሩ ለአንቺም ክፍት ነው። እናንተ ወንዶችም እሷ ብቻዋን ያደረገችው አይምሰላችሁ፤ ብቻዋን የተዋት ሰው ነበረ።

አሁን ቅዳሴው ሲያልቅ ትወጣላችሁ። እባካችሁ፣ ዛሬ ስትወጡ ቀስ ብላችሁ ውጡ። በቅጥሩ በር ስታልፉ ወዲያና ወዲህ እዩ። ነጠላዋን ተከናንባ ከበሩ ውጭ የቆመች ሴት ብታገኙ፣ እግሯን ያመማት እንዳይመስላችሁ። «አንቺስ እንዴት ነሽ?» በሏት። መልሷንም ሳትሰሙ አትሂዱ።