ንጉሡ ያልሰቀሉት ገበሬ

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ይህችን ወግ ሲያወራ ከእኔ በፊት የሚስቀው እሱ ነበር።

አንድ ኃያል የጥንት መንግሥት ሕዝቡ በረሃብ እየተሰደደ ባዶውን ሊቀር ሲል፣ ንጉሡ ከአባታቸው ሐውልት የሚረዝም ሐውልት ያስጎትቱ ነበር። ከጎታቾቹ አንዱ፣ ምላሰኛ ገበሬ፣ ገመዱን ጥሎ ቁጭ አለ።

«መንግሥቴን ያፈረሰው እንዳንተ ያለ ሰነፍ ነው! ስቀሉት!» አሉ ንጉሡ።

«ጃንሆይ፣ በየትኛው ዛፍ?» አለ ገበሬው ከተቀመጠበት ሳይነሣ። «ዛፉን ሁሉ ለድንጋይዎ ማንከባለያ አስቆረጡት። ዛፉ ሲያልቅ አፈሩን ጎርፍ ወሰደው፤ አፈሩን እህሉ፣ እህሉን ሕዝቡ ተከተለው። አሁንም ካልሰቀልኩህ ካሉ እርስዎም አብረውን ይሰደዱ፤ ዛፍ ያለበት አገር ስንደርስ እሰቀልልዎታለሁ።»