ስልኳ የመሰከረባት ሴት

ወገኖቼ፣ ይህን የሰማሁት ከብዙ ዓመት በፊት ነው። ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተቀምጬ ሳለ፣ ከኋላዬ አንዲት ሴት ከወንድሟ ጋር ታወራ ነበር። ግማሹን ረስቼዋለሁ። ድምጿ ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

«የሚጥል በሽታ እንዳለብኝ ካንተ በቀር ማን ያውቃል? ስሜን የትም አልጻፍኩም። ስለ መድኃኒቱ ያነበብኩትን ሁሉ አጥፍቻለሁ። ታዲያ ለምንድን ነው በከፈትኩት ገጽ ሁሉ የዚያው መድኃኒት ማስታወቂያ የሚመጣው? ትናንት የእጮኛዬ እናት የሙሽራ ቀሚስ ሊያዩ ስልኬን ተቀበሉኝ። ነጠቅኳቸው እኮ! ከእጃቸው!»

ወንድሟ ድረ ገጽ የሚሠራ ባለሙያ ነበር።

«ስምሽ ለአስተዋዋቂዎቹ አያስፈልጋቸውም። ስልክሽ ራሱ ለምትከፍቺው ገጽ ሁሉ ይናገራል። የስክሪኑን ስፋት፣ የፊደሉን ዓይነት፣ ቋንቋውን፣ ሰዓቱን። አንዱ ለብቻው ምንም አይደለም። ሲደመር ግን አንቺን ብቻ ነው የሚመስለው።»

«የክትትል መከላከያ ጭኜበታለሁ! ስድስት!»

«ኧረ አንቺ ልጅ! እስቲ እዚያ የቆሙትን እያቸው። ሁሉም ነጠላ ለብሰዋል። እማዬን ከኋላዋ ትለያታለሽ?»

«አልለያትም።»

«እንዳልታወቅ ብላ ቀይ ካፖርት ብትደርብስ?»

«ያኔማ ወዲያው እለያታለሁ።»

«ስድስት የጫነ ሌላ ሰው የለም፤ ስድስቱ መከላከያ ቀይ ካፖርትሽ ነው። የሁሉንም ሰው ስልክ አንድ አስመስሎ የሚያሳይ ብሮውዘር፣ የገጽ መክፈቻ፣ አለ፤ እሱን እጭንልሻለሁ።»

«አንተ በምትሠራቸው ገጾችስ ይሄ ስልክ የሚለይ ነገር አለ?»



«ለአንድ ፋርማሲ በሠራሁት ላይ አለ። ሁሉም ያደርገዋል እኮ።»

«እዚያ ገብታ የምታነብ እንደኔ ያለች ስንት አለች?»

ወገኖቼ፣ እኛስ? ድረ ገጽ አልሠራንም። ግን ጎረቤታችን ከየት እንደገባች፣ ምን በፌስታል እንደያዘች፣ ለምን ከማኅበር እንደቀረች አልለቀምንም? አንዱ ለብቻው ምንም አይደለም። ደምረን ስናበቃ ግን የሰው ምስጢር በእጃችን ነው። ስልካችሁስ «እስማማለሁ» በሉ ሲላችሁ፣ በምን እንደተስማማችሁ አንብባችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም ነበር። እግዚአብሔር ሁሉን ያውቃል፤ አውቆም ይሸፍነናል። እኛ ታዲያ ለመግለጥ ማን ፈቀደልን?

ቤታችሁ ስትገቡ ይህን አስቡ። የወንድሟን የመጨረሻ ቃል ግን አልረሳሁትም።

«አሠሪዎቼ ይቆጣሉ» አላት።

ዞር ብዬ ሳይ፣ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገችው።

«እሺ» አለ በመጨረሻ። «ሰኞ ጠዋት ከገጾቼ አነሳዋለሁ። ከፋርማሲው እጀምራለሁ።»