የሚያለቅስ ሰው ፍለጋ

ዶክተር መንክር ልቦለዶች ድንበርንና ማንነትን እንዴት እንደሚስሉ አጥንቶ ወፍራም መጽሐፍ ጻፈ። ደራሲዎቹ ሁሉ የድንበር ሰው ማንነቱ ጠፍቶበት ያለቅሳል ስላሉ፣ የሚያለቅስ ሰው ለማየት ድንበር ድረስ ወረደ። ገበያው ውስጥ ያገኘው ግን በየቀኑ ድንበር ተሻግራ የግመል ወተት የምትሸጥ፣ ሳቂታ ሴት ነበር።

ዶክተሩ የገበያው አስተዳዳሪ እየሰማ “አንቺ የየት ነሽ?” አላት። “የዚህ ነኝ ካልሽ የወዲያ ዘመዶችሽን ክደሻል። የወዲያ ነኝ ካልሽ ከነገ ጀምሮ ገበያ አትገቢም። የሁለቱም ነኝ ካልሽ ማንነትሽ ጠፍቶብሻል፤ የድንበር ሰው ማንነቱ ጠፍቶበት ያለቅሳል የሚለው መጽሐፌ ልክ ነው።”

“ግመሎቼ ይጠብቁኛል፤ እየሄድን ልመልስልዎ” አለችው።

ኬላው ላይ ዘቡ በስሟ ጠርቶ፣ የግመሎቿን ደህንነት ጠይቆ አሳለፋት። ዶክተሩን ግን “መታወቂያ!” አለው። መታወቂያው ሆቴል ቀርቷል። መጽሐፉን አውጥቶ ጀርባው ላይ ያለውን ፎቶ ቢያሳየው፣ ዘቡ “ማንነትዎ እስኪጣራ ፀሐዩ ላይ ቁጭ ይበሉ” አለው። ዶክተሩ እንባው መጣ።

ሴትዮዋ ዞር ብላ “አሳልፋቸው፣ እኔ አውቃቸዋለሁ” አለች። “ማንነቱ ጠፍቶበት ድንበር ላይ የሚያለቅስ ሰው ሲፈልጉ ውለው፣ ገና አሁን ማግኘታቸው ነው።”