አርባ ሰባተኛው የግርጌ ማስታወሻ

እስቲ ጆሯችሁን ስጡኝ፤ ነገሩ ረጅም ነው፣ መነሻው ግን አንዲት ቀን ናት። ቀን ስላችሁ ፀሐይ የምትወጣበትን አይደለም፤ ወረቀት ላይ የምትጻፈውን፣ ወሩንና ዓመቱን የምትናገረውን ነው።

ትርሲት የምትባል የሕግ መምህርት ነበረች። በአንዲት የክፍለ ሀገር ከተማ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ታስተምራለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ባሎቻቸው የሞቱባቸውን ሴቶች እያነጋገረች፣ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት እየዞረች አንድ ጽሑፍ ጻፈች። የመሬት ደብተሩ ላይ የባል ስም ብቻ ስለተጻፈ ባል ሲሞት ከእርሻቸው የተባረሩ ሴቶች ጉዳይ ነው። አንድ ዳኛ ለአንዲት ሴት "ስሟ ባይጻፍም መሬቱ የእሷም ነው" ብለው የፈረዱትን ፍርድ አገኘችና ጽሑፉን በሙሉ በዚያ ላይ አቆመችው። ሌሎች ዳኞችም እንዲያነቡት ብላ ለአንድ የሕግ መጽሔት ላከችው።

መጽሔቱ ግን የአዘገጃጀት መመሪያ አለው፤ መመሪያው አሥራ ዘጠኝ ገጽ ነው። መጀመሪያ "በመስመርና በመስመር መካከል ያለው ርቀት አንድ ተኩል ይሁን" ብለው መለሱላት፤ አስተካከለች። ቀጥሎ "በግራ በኩል ህዳጉ ጠቧል፣ ሠንጠረዡም ከገጹ ወጥቷል" ብለው መለሱላት፤ አስተካከለች። ደግሞ "'ዝኒ ከማሁ' የሚባለው ከላይ ያለው ማስታወሻ ያንኑ ምንጭ ሲጠቅስ ብቻ ነው፤ አንቺ ሃያ ሁለት ቦታ ላይ ያለቦታው አስገብተሻል" ብለው መለሱላት። ሃያ ሁለቱንም አንድ በአንድ ለቀመች። ዓይኗ ቀላ፣ አንገቷ ተያዘ፣ በሕልሟ ሳይቀር ነጠላ ሰረዝ ታይ ጀመር።

አንድ ሐሙስ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኳ ጮኸ። የመጽሔቱ አዘጋጅ ዶክተር ኃይለልዑል ናቸው።

"ትርሲት፣ ጽሑፍሽን ገምጋሚዎቹ ወደውታል" አሏት።

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዶክተር!"

"ቆይ፣ ገና አልጨረስኩም። አርባ ሰባተኛው የግርጌ ማስታወሻ ላይ ፍርዱ የተሰጠበት ቀን የለም።"

"ያለኝ ፎቶ ኮፒ ነው፤ ቀኑ ላይ ማኅተም አርፎበት አይነበብም። የመዝገብ ቁጥሩን ግን ጽፌያለሁ እኮ!"

"ዋናውን መዝገብ አይተሽ ቀኑን አምጪ። ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እትሙን እንዘጋለን። ካመለጠሽ ለከርሞ ነው። ያለ ቀን አልቀበልም" አሉና ስልኩን ዘጉት።

ትርሲት በባጃጅ ወደ ፍርድ ቤት በረረች። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ወይዘሮ ስንዱ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ከሃያ ዓመት በላይ መዝገብ ሲያገላብጡ የኖሩ ሴት ናቸው።

"እትዬ ስንዱ፣ አንዲት ቀን ብቻ አይቼ ልሂድ። ያለ ቀን ኃይለልዑል ጽሑፍ አልቀበልም አሉ።"

"ደብዳቤሽስ?"

"የምን ደብዳቤ?"

"ከመሥሪያ ቤትሽ ነዋ፣ ማኅተም ያለበት። ያለ ደብዳቤ መዝገብ አላወጣም፣ የኔ እህት። አምና አንዱ 'አይቼ ልመልስ' ብሎ ሦስት ገጽ ገንጥሎብኝ ሄዷል።"

ትርሲት ተመልሳ ዩኒቨርሲቲ ሄደች። ደብዳቤውን አስጽፋ ዲኑ ዶክተር አምሳሉ ቢሮ ገባች።

"ዶክተር፣ ይቺን ይፈርሙልኝ። ያለ ደብዳቤ ስንዱ መዝገብ አላወጣም አሉ፤ ያለ መዝገብ ቀኑ አልታይም አለ፤ ያለ ቀን ኃይለልዑል ጽሑፍ አልቀበልም አሉ።"

ዲኑ ደብዳቤውን አላዩትም። "የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎችሽ ውጤት የት አለ? ማስገቢያው ትናንት አለፈ እኮ።"

"ከአንዲት ተማሪ በቀር የሁሉም ተሞልቷል።"

"ባዶ ሣጥን ያለበትን ዝርዝር ሬጅስትራር አይቀበለኝም። እኔም ያለ ውጤት ደብዳቤ አልፈርምም።"

"እርስዎ አንድ ፊርማ ነው የሚፈርሙት፣ ግማሽ ደቂቃ!"

"ውጤት" አሉ ዲኑ፣ ወደ ወረቀታቸው እያጎነበሱ።

ባዶዋ ሣጥን ሀያት የምትባል ተማሪ ናት። ትርሲት ቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ አገኘቻት።

"ሀያት! የጥናት ወረቀትሽ የት አለ? ያለ ወረቀቱ ውጤቱ አልሞላም አለ፤ ያለ ውጤት ዲኑ ደብዳቤ አልፈርምም አሉ፤ ያለ ደብዳቤ ስንዱ መዝገብ አላወጣም አሉ፤ ያለ መዝገብ ቀኑ አልታይም አለ፤ ያለ ቀን ኃይለልዑል ጽሑፍ አልቀበልም አሉ!"

ሀያት ደንግጣ ተነሣች። "መምህርት፣ ወላሂ ጨርሻለሁ። የራሴ ኮምፒውተር ስለሌለኝ ማተሚያ ክፍል ነው የጻፍኩት፤ እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ነው ያለው። ክፍሉ ደግሞ ከማክሰኞ ጀምሮ መብራት የለውም።"

አብረው ሄደው አዩት። ክፍሉ ጨልሟል፤ ኮምፒውተሩ ቢነኩት አይነቃም። ትርሲት ማብሪያውን አሥር ጊዜ ያህል ከፍ ዝቅ አደረገችው። ከዚያ ወደ ጥገና ክፍል ሄደች። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ገብሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ ፒንሳውን ይወለውላል።

"ገብሩ፣ በሞቴ ተነሥ! ያለ መብራት ኮምፒውተሩ ወረቀት አልሰጥም አለ፤ ያለ ወረቀቱ ውጤቱ አልሞላም አለ፤ ያለ ውጤት ዲኑ ደብዳቤ አልፈርምም አሉ፤ ያለ ደብዳቤ ስንዱ መዝገብ አላወጣም አሉ፤ ያለ መዝገብ ቀኑ አልታይም አለ፤ ያለ ቀን ኃይለልዑል ጽሑፍ አልቀበልም አሉ!"

"አውቀዋለሁ ችግሩን። ጣሪያው ሥር ያለው ገመድ ነው የተበጠሰው። ለመቀጠል አሥር ደቂቃ አይፈጅብኝም።"

"ታዲያ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዛሬ ምን እየጠበቅክ ነው?"

"መሰላል ነዋ። ግምጃ ቤት ውስጥ ነው፤ ቁልፉን የያዙት ጥበቃው ጋሽ ወንድይፍራው ናቸው። ሦስት ቀን ለመንኳቸው፤ እንቢ አሉኝ።"

"ጠረጴዛ በጠረጴዛ ደርበህ አትወጣም?"

"ሦስት ልጆች አሉኝ፣ መምህርት። ያለ መሰላል መብራት አልቀጥልም።"

ሰዓቱ ስድስት ተኩል ሆኗል። ትርሲት ወደ ዋናው በር ስትሮጥ ጋሽ ወንድይፍራው የሥራ ኮታቸውን አውልቀው የራሳቸውን ለብሰው ሊወጡ ነው። ስድሳ የሚጠጋቸው፣ ቀጭን፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሰው ናቸው።

"ጋሽ ወንድይፍራው! የት ሊሄዱ ነው? መሰላሉ! እርስዎ መሰላል አልሰጥም አሉ፤ ያለ መሰላል ገብሩ መብራት አልቀጥልም አለ፤ ያለ መብራት ኮምፒውተሩ ወረቀት አልሰጥም አለ፤ ያለ ወረቀቱ ውጤቱ አልሞላም አለ፤ ያለ ውጤት ዲኑ ደብዳቤ አልፈርምም አሉ፤ ያለ ደብዳቤ ስንዱ መዝገብ አላወጣም አሉ፤ ያለ መዝገብ ቀኑ አልታይም አለ፤ ያለ ቀን ኃይለልዑል ጽሑፍ አልቀበልም አሉ! ኧረ እኔስ ምን በደልኩ?" ብላ በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ዘጭ አለች።

ጋሽ ወንድይፍራው እስከ መጨረሻው ሰሟት።

"ጨረሱ፣ መምህርት?"

"ጨረስኩ።"

"እንግዲያው የኔንም ይስሙኝ።" ከደረት ኪሳቸው በአራት የታጠፈ ወረቀት አወጡ። የፍርድ ቤት መጥሪያ ነው። "ጎረቤቴ መውጫ መንገዴን በግንብ ዘጋው። እኔ ሽማግሌ ልልክ ሳስብ እሱ ቀድሞ ከሰሰኝ፤ 'ግንቤን ሊያፈርስ ዛተብኝ' ብሎ። መልስህን በጽሑፍ አቅርብ የተባልኩት እስከ ዛሬ ነው። ሦስት ሳምንት እዚህ በር ላይ ቆሜ ለሚገባ ለሚወጣው የሕግ መምህር ሁሉ ይቺን ወረቀት አሳየሁ። አንዱ ስብሰባ አለብኝ አለ። አንዱ ነገ አለ። እርስዎም..."

"እኔም?"

"እርስዎም 'የግርጌ ማስታወሻዬን ልጨርስና' አሉኝ።"

ትርሲት ትዝ አላት። ያን ቀን ቆም እንኳ አላለችም፤ ወረቀቱንም አላየችው። ፊቷ ጋለ።

"በዚህ አኩርፌ ነው መሰላሉን የከለከልኩት፣ አልዋሽዎትም" አሉ ጋሽ ወንድይፍራው። "አሁን ግን ኩርፊያም አይደለም። ፈቃድ ወስጄ ማመልከቻ የሚጽፍልኝ ሰው ፍለጋ ከተማ እየሄድኩ ነው። ግምጃ ቤቱ በስሜ ስለሆነ ቁልፉን ለሰው ሰጥቼ አልሄድም።"

"ይቀመጡ" አለች ትርሲት።

"ሰዓቱ ይሄድብኛል።"

"ይቀመጡ፣ ጋሽ ወንድይፍራው። እኔ እጽፈዋለሁ።"

ከማስተማሪያ ደብተሯ ሁለት ገጽ ቀደደች። ግንቡ የተሠራው መቼ ነው አለች፤ መስከረም ላይ ነው አሉ። ከዚያ በፊት በየት ነበር የምትወጡት አለች፤ በዚያው፣ ሃያ ስድስት ዓመት አሉ። የሚመሰክር ሰው አለ አለች፤ ሰፈሩ በሙሉ አሉ። ከዚያ ያልጠየቀቻቸውን ነገሯት፤ ባለቤታቸው እግራቸውን ያማቸዋል፣ አሁን ከቤት ለመውጣት በሰው ጓሮ ዞረው በአጥር ይሾልካሉ፣ ባለፈው ሳምንት እዚያው አጥር ሥር ወድቀው ነበር።

ትርሲት ጉልበቷ ላይ ጻፈች፤ መጨረሻው ላይም መንገዱ ይከፈትልኝ የሚል ጥያቄ ጨመረችበት። ስለ መስመር ርቀት አላሰበችም፤ ስለ ህዳግም አላሰበች። ስትጨርስ አነበበችላቸው። ጋሽ ወንድይፍራው ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ።

"አዎ፣ ልክ እንዲህ ነው የሆነው" አሉ። ቀጥለው ደግሞ "ቀኑስ?" አሉ።

"የምን ቀን?"

"የዛሬ ቀን ነዋ። ከላይ አይጻፍበትም?"

ትርሲት ወረቀቱን አየችው። ቀን የለውም። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ከት ብላ ሳቀች፤ ከዚያም ቀኑን ጻፈችበት።

ጋሽ ወንድይፍራው ፈረሙና ቁልፋቸውን አወጡ። ግምጃ ቤቱ ሲከፈት መሰላሉ መጣ፤ መሰላሉ ሲመጣ ገብሩ ወደ ጣሪያው ወጣ፤ ገብሩ ሲወጣ መብራቱ በራ፤ መብራቱ ሲበራ ኮምፒውተሩ ወረቀቱን ሰጠ፤ የጋሽ ወንድይፍራው መልስም እግረ መንገዱን እዚያው ኮፒ ተደረገ። ሀያት እጇን አጣምራ ቆማ፣ ትርሲት ወረቀቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበችው፤ ሰማንያ አንድ ሰጠቻት። ወረቀቱ ሲታረም ባዶው ሣጥን ሞላ፤ ሣጥኑ ሲሞላ ዲኑ ፈረሙ፤ ዲኑ ሲፈርሙ ማኅተሙ ተመታ። ትርሲትና ጋሽ ወንድይፍራው በአንድ ባጃጅ ፍርድ ቤት ሲደርሱ አሥር ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ቀርቶት ነበር።

ወይዘሮ ስንዱ ደብዳቤውን አዩ፣ መነጽራቸውን አጠለቁ፣ ከመደርደሪያው መዝገቡን አወጡ፣ አቧራውን እፍ አሉት። ሰኔ ሃያ ሦስት ቀን ይላል፣ ከነዓመተ ምሕረቱ። ያቺው ናት፤ ሌላ ነገር የላትም።

ጋሽ ወንድይፍራው ደግሞ ማዶ ባለው መስኮት መልሳቸውን አቀረቡ። ሠራተኛዋ ገለጥ አድርጋ አየችውና ማኅተም መታችበት።

"ይኸው ነው? የሚጎድል የለውም?" አሉ ጋሽ ወንድይፍራው፣ አላምን ብለው።

"ምንም አይጎድለውም፣ አባቴ። ቀጠሮዎ የካቲት አሥራ አንድ ነው።"

ትርሲት ደውላ ቀኑን ነገረች። ዶክተር ኃይለልዑል ሲጽፉ የኮምፒውተሩ ድምፅ ይሰማታል።

"ገባ። አሁን ሙሉ ነው። ግን ትርሲት፣ ገጽ አሥራ ሁለት ላይ ያለችው ነጠላ ሰረዝ..."

"ዶክተር!"

"እሺ፣ እሺ፣ እሷን እኔው አነሣታለሁ። ጽሑፍሽን ተቀብያለሁ።"

ጽሑፉ በዚያው እትም ወጣ። በመጋቢት ደግሞ የጋሽ ወንድይፍራውን ጉዳይ የያዙት ዳኛ ቦታው ድረስ ሄደው አይተው፣ ግንቡ ፈርሶ መንገዱ እንዲከፈት አዘዙ። ይህ ግን ኋላ የሆነ ነው።

በማግስቱ ዓርብ ጠዋት ትርሲት ሌላ ምንም ሳታስብ፣ ዛሬስ ቢሮዬን ዘግቼ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ ብላ ወደ በሩ ስትደርስ አምስት ሰዎች ተሰልፈው ቆመዋል። የካፌው ምግብ አብሳይ አሉ፣ አትክልተኛው አለ፣ ገብሩም አለ፤ ሁሉም የታጠፈ ወረቀት ይዘዋል።

"ጋሽ ወንድይፍራው፣ ምንድን ነው ይሄ?"

"እኔ ምን አልኩ? 'ማን ጻፈልዎ?' አሉኝ፤ ነገርኳቸው።"

ትርሲት በረጅሙ ተነፈሰች። ወደ ቢሮዋ አየች፣ ሰዎቹን አየች፣ እንደገና ተነፈሰች። ከዚያ ቦርሳዋን አግዳሚው ላይ አስቀምጣ እስክሪብቶዋን አወጣች።

"የቀደመው ማን ነው?" አለች።

የኔ ወሬ ይኸው ነው፤ እኔ አውርቼ ደከመኝ፣ እናንተ ሰምታችሁ እረፉ።