«ይዤዋለሁ» ያለው ሰው ለቅሶ ላይ ሳለ

በአንድ ወቅት፣ ያውም ስልክ የያዘ ሁሉ በሚያስታውሰው ወቅት፣ ለዓይነ ስውራን የአማርኛ ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም በነጻ የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። በኢንተርኔት ከየከተማው የተሰባሰቡ ናቸው፤ ደመወዝ የላቸው፣ አለቃ የላቸው። ያላቸው አንድ ሕግ ብቻ ነው። ሥራ የሚጀምር ሰው ተጠቃሚ ከጻፈው ጥያቄ ሥር «ይዤዋለሁ» ብሎ ይጽፋል፤ ራሱ «ለቅቄዋለሁ» እስኪል ድረስ ሌላ ሰው እጁን አያስገባም። ሕጉ የወጣው ቀደም ሲል ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ አንድ ሥራ ሠርተው፣ የአንደኛው ድካም ሜዳ ላይ ስለቀረና ሰውየው ተቀይሞ ስለወጣ ነው። ጥሩ ሕግ ነበር። ጥሩ ሕግ ደግሞ ሰው ሲያንቅ የሚገላግል አይገኝም።

ትርሲት የምትባል ዓይነ ስውር የስልክ ኦፕሬተር በዚህ ፕሮግራም እየታገዘች ሕግ ተማረች፤ ለጥብቅና ፈተናም ተመዘገበች። ፈተናው በኮምፒውተር የሚሰጥ ነው፤ አንድ ሰው መቀመጥ የሚፈቀድለትም ሁለቴ ብቻ ነው። ስትለማመድ ታዲያ ፕሮግራሙ ሠንጠረዥ ባጋጠመው ቁጥር ድርግም ብሎ ይቆምባታል። የፈተናው ምርጫዎች የሚቀርቡት ደግሞ በሠንጠረዥ ነው። «እባካችሁ ከፈተናው በፊት አስተካክሉልኝ» ብላ ጻፈች፤ ቀኑንም ነገረቻቸው።

የደሴው አንዷለም ቀደመ። «ይዤዋለሁ» ብሎ ጻፈና ችግሩን ሥሩ ድረስ ቆፍሮ አገኘው፤ የተበላሸው የሠንጠረዡን የመጨረሻ መስመር የሚያነበው ክፍል ነው። ያገኘውን ግን ለማንም አላካፈለም፤ ሲጨርስ ሊያሳይ ነው ሐሳቡ። ሥራው ጥቂት ሲቀረው እናቱ አረፉ። ድንኳን ተተከለ፤ እሱም ኮምፒውተሩን ዘግቶ እናቱን አለቀሰ። በዚህስ ማን ይፈርድበታል?

የጅማዋ ምንትዋብ ሕጉን ያረቀቀችው እሷው ናት። ሥራው ለእሷ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነበር፤ ዳሩ «ይዤዋለሁ» የሚለው ቃል እዚያው ተቀምጧል። ለቀስተኛን በመልእክት «ሥራውን ልቀቅ» ማለት ነውር ሆነባትና ፊት ለፊት ልትነግረው በአውቶቡስ ደሴ ድረስ ሄደች። ድንኳኑ ገብታ አለቀሰች፤ ንፍሮ ዘግና አጠገቡ ተቀመጠች።

«ከጅማ ድረስ? ለእኔ ብለሽ?» አላት አንዷለም።

«እግዜር ያጽናህ» አለችው።

ከዚህ ሌላ ቃል አልወጣትም። ይሉኝታዋን ይዛ በመጣችበት ተመለሰች። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእሷ ዝምታ ግን ጅማ ሳይደርስ ነቀዘ።

የሐዋሳው ኢዮስያስ ቀኑ ሲቃረብ አላስችል አለው። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ብሎ፣ ሕጉን ጥሶ፣ ለማንም ሳይናገር ሥራውን እንደ አዲስ ጀመረ። አንዷለም ምን እንዳገኘ አያውቅም። ፕሮግራሙ የመጨረሻው መስመር ላይ ሲወድቅ ቢያይ፣ መስመሩን ዘሎ እንዲያልፍ አደረገው። በሞከራቸው ሠንጠረዦች ያ መስመር ባዶ ስለነበር የጎደለ ነገር አልታየውም። በዋዜማው ሥራውን አስገብቶ ጥያቄውን «ተፈጽሟል» ብሎ ዘጋው። ለትርሲትም «አይዞሽ፣ ከእንግዲህ አይቆምም» አላት። አልዋሸም፤ አልቆመም።

በዚያው ቀን አንዷለም የቀረችውን ጨርሶ ነበር፤ ትክክለኛውን፣ ምንም የማይዘለውን። ሊያስገባው ሲል ጥያቄው ተዘግቷል። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ! እናቴን እስክቀብር ነው የጠበቁኝ!» አለና የሠራውን ሁሉ አጠፋው። ምንትዋብ ደግሞ «ተመስገን፣ ተገላገልኩ» ብላ የኢዮስያስን ሥራ ሳትመረምር አለፈችው።

ትርሲት ለፈተና ተቀመጠች። ማሽኑ ቢበላሽ የምታነብላት ሴት ከኋላዋ ተመድባለች፤ እጇን ማውጣት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ፕሮግራሙ እንደ ድሮው ድርግም ቢል ኖሮ ታወጣ ነበር። እሱ ግን ባማረ ድምፅ «ሀ»ን፣ «ለ»ን፣ «ሐ»ን እያነበበ በየጥያቄው «መ»ን ዋጠው። በልምምዱም «መ» ሳይደርስ ይቆምባት ስለነበር፣ ምርጫው ሦስት ብቻ መስሏት እየተደሰተች ሠራች።

ሲወጡ ሴትየዋ ጠየቀቻት፤ «እህቴ፣ ‹መ›ን ምን አድርጎሽ ነው አንዴም ያልነካሽው?»

«የቱን ‹መ›?» አለች ትርሲት።

ፈተናውን ወደቀች። ከዚያም ለበጎ ፈቃደኞቹ እንዲህ ብላ ጻፈች፤ «አንድ ዕድል ቀርቶልኛል። ማሽናችሁን ሁለተኛ አላምነውም። ከሦስታችሁ አንዳችሁ ኑሮውን ትቶ ይምጣና እስከ ፈተናው ድረስ በየቀኑ በገዛ አፉ ያንብብልኝ። ማን ይዞታል?»

አንዷለም «ትክክለኛውን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ እናቴን በመቅበሬ ልቀጣ?» አለ።

ምንትዋብ «ሕግ ያፈረስኩት እኔ አይደለሁም፤ ሕጉ ቢከበር ማሽኑ ይቆም ነበር፣ እሷም እጇን ታወጣ ነበር» አለች።

ኢዮስያስ «አንዱ ያወቀውን ደበቀ፣ አንዷ የምታውቀውን ሳትሠራ ቀረች። ለትርሲት ብዬ እጄን የዘረጋሁት እኔ ብቻ ነኝ» አለ።

ጥያቄዋ እስካሁን እንደተከፈተ ነው። የዚያ ማኅበር ሕግ እንዲህ አምሮበት አያውቅም፤ በአንድ ሥራ ሁለት ሰው አልተሻማበትም። ትርሲት ከሥራ በተመለሰች ቁጥር ስልኳን ትከፍታለች፤ ፕሮግራሙም በዚያ ባማረ ድምፁ «ምላሽ የለም» ይላታል። ፈተናው እየቀረበ ነው።

እንግዲህ እናንተ ሰሚዎች ፍረዱ፤ ከጥያቄዋ ሥር ከሦስቱ የማንን ስም ትጽፋላችሁ?